የቧንቧ ውሃ፣ የዳፕ ከረጢትና የማይለቀው አልጌ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው። ከስምንት ወር በፊት 55 ጋሎን የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ሳሎን ውስጥ አቆምኩ። ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉኝ። መጀመሪያ አሸዋው ቡናማ ሆነና በራሱ ጊዜ ጠፋ። ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ነገር በቀለ። አሁን ደግሞ አሸዋው ላይ ቀይ ልጋግ ተነጥፏል። እሑድ እሑድ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ከውሃው 20 በመቶ እቀይራለሁ። የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው፤ አሳድረዋለሁ፣ የክሎሪን ማርከሻ አደርግበታለሁ፣ ከዚያ ጨው እበጠብጥበታለሁ። የተነነውንም በየቀኑ ከቧንቧ እሞላለሁ። አንድ ጊዜ ተናድጄ ድንጋዮቹን በሙሉ አውጥቼ በቧንቧ ውሃ ፈትጌ መለስኳቸው፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ። ናይትሬት ለክቼ ዜሮ ነው፤ ታዲያ ምን በልቶ ነው የሚያድገው? መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል፤ ጠዋትና ማታ እመግባለሁ። የሚገድለው መድኃኒት ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለ ሁሉንም ደፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ነው።»

አይድፉት። መድኃኒትም አይግዙ። አልጌው የሚበላውን በየእሑዱ በባልዲ የሚያቀርቡለት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ደፍተው ቢጀምሩም በዚያው ባልዲ ስለሚሞሉት ከስምንት ወር በኋላ ይህንኑ ጥያቄ መልሰው ይጽፉልናል።

ከዜሮው ልጀምር። መለኪያው የሚነግርዎ ውሃው ውስጥ የተረፈውን ነው፤ የገባውን አይናገርም። መሶቡ ባዶ ሆነ ማለት ቤተሰቡ ጦሙን አደረ ማለት አይደለም፤ በልተው ጨርሰውም ይሆናል። ድንጋዩ በአረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኖ ሳለ ናይትሬቱ ዜሮ ሲያሳይ፣ ዓሦቹ ካወጡት ውስጥ አልጌው ለመለኪያዎ የሚተርፍ ነገር አልተወለትም ማለት ነው። ደግሞም የለኩት ግማሹን ብቻ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያሻውም፦ ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ዳፕ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ይዟል። ማሳ ላይ ጤፉን የሚያፋፋው ያ ከረጢት ሳሎንዎ ውስጥ አልጌውን ያፋፋል። እርስዎ የዩሪያውን (ናይትሬቱን) ለክተው የዳፑን (ፎስፌት የሚባለውን የፎስፈረስ ዓይነት) ትተውታል።

ሁለተኛው ስሕተት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ነው። አሸዋውን ያጠየመው ቡናማ ነገር ዳያተም ይባላል፤ ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ሲሆን አዲስ በተቋቋመ አኳሪየም ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል። ሲሊካው ሲያልቅ ይሄዳል፤ የእርስዎም እንዲሁ ሄዷል። አረንጓዴው ፀጉር እውነተኛ አልጌ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት አለው፣ ሲቆርጡት ከቀረው ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀዩ ልጋግ ግን አልጌ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ሆኖ እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ። በጣት ሲነካ እንደ ስስ ቆዳ ተገፎ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ላዩ ላይ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያቆራል። ዘመዶቹን ያውቋቸዋል፦ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያሰጠው ስፒሩሊና የዚህ ወገን ነው። ቀይ ባሕርም ስሙን ያገኘው አልፎ አልፎ ፊቱን በሚያቀላው ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ነው የሚሉ አሉ።

ይህን የምዘረዝረው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ከሳያኖባክቴሪያ ወገን አንዳንዶቹ ናይትሮጅንን ከአየር መሳብ ይችላሉ፤ ባቄላና ሽምብራ ሥራቸው ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት መሬቱን እንደሚያለሙት ማለት ነው። ስለዚህ ናይትሬቱ ዜሮ፣ ፎስፌቱ ግን የተትረፈረፈ ውሃ ለእነሱ የተመቸ ማሳ ነው፤ ሌላው ሁሉ በናይትሮጅን እጦት ሲቀጭጭ እነሱ ይነጠፋሉ። የእርስዎ ቀይ ልጋግ ከናይትሬት ዜሮ ጋር አብሮ መምጣቱ አጋጣሚ አይመስለኝም። ፎስፌት ዛሬውኑ ይለኩ፤ ሆኖም ውጤቱ ቢያንስ እንኳ አይታለሉ፤ አልጌው እሱንም ይበላዋል።

አሁን ወደ ባልዲው እንምጣ። የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው ዋሽንግተን ዲሲን ከሚያጠጣው ከዋሽንግተን አኩዌደክት ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ውሃውን የሚያክምበትን ክሎሪን በክሎራሚን (ከአሞኒያ ጋር በተዋሐደ ክሎሪን) ለወጠ። ለውጡ በአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረውን ሽፋን አናግቶ እርሳስ ወደ መጠጥ ውሃው ገባ፤ ነገሩ ሲጋለጥ ከተማዋን ያናወጠ ጉዳይ ነበር። መፍትሔ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት የሚባል ፎስፌት ውሃው ውስጥ ይጨመራል፤ ቧንቧውን ከውስጥ ለብጦ እርሳሱ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ለልጆችዎ ጥሩ ነገር ነው። ለአኳሪየምዎ ግን ሆን ተብሎ ዳፕ የተነሰነሰበት ውሃ ነው።

ምን ያህል? በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ብለን እናስላ። ድንጋይና አሸዋው የያዘውን ቦታ ትተን አኳሪየምዎ 200 ሊትር ይሁን። በየእሑዱ 40 ሊትር ሲቀይሩ 80 ሚሊግራም ፎስፌት ያስገባሉ፤ ለ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.4 ሚሊግራም ነው። ኮራል ላለበት አኳሪየም የምንፈልገው መጠን ከ0.03 እስከ 0.1 ነው። በአንድ እሑድ ብቻ ከጣሪያው አራት እጥፍ ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ የተነነውን ለመተካት በቀን 3 ሊትር ቢሞሉ በሳምንት 42 ሚሊግራም ይጨመራል። እንፋሎት ይዞ የሚሄደው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ፎስፌቱ ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚቀር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውሃ በመቀየር ማጽዳት ያሰቡት ሰው፣ ባጸዱ ቁጥር ማዳበሪያ እየበተኑ ነበር። እሑድ ፈትገው ሐሙስ ለምልሞ የሚጠብቅዎ ለዚህ ነው።

ውሃ ማሳደር ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ ለክሎሪን ይሠራል። ክሎራሚን ግን አድሮም አይተንም። ማፍላት ፎስፌቱን ያወፍረዋል እንጂ አያወጣውም። የክሎሪን ማርከሻው ሥራው ክሎሪንና ክሎራሚን ላይ ነው፤ ፎስፌትን አይነካም። ማቀዝቀዣዎ በር ላይ ያለው ካርቦን ማጣሪያም አይነካውም። የምንጭ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፤ ያ ውሃ ማዕድኑን እንደያዘ የታሸገ ነው።

የሚያስፈልግዎ አር ኦ ዲ አይ የሚባለው ማጣሪያ ነው፦ ደለል የሚያስቀር፣ ካርቦን፣ ሜምብሬን፣ በመጨረሻም የተረፈውን የሚለቅም ሬዚን በተከታታይ። ሲገዙ ካርቦኑ ለክሎራሚን ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ክሎራሚን ሲፈርስ አሞኒያ ስለሚተው ሬዚኑ ቶሎ ይደክማል። በዚህ አካባቢ በየዓመቱ ጸደይ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት ውሃው ወደ ክሎሪን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የቧንቧው ሽታ ቢለወጥ አይደንግጡ፣ ካርቦኑ ግን ያላረጀ መሆኑን ይዩ። ጫፉ ላይ ቲዲኤስ ሜትር (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ መሣሪያ) ይግጠሙ፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። 1 ወይም 2 ማንበብ ሲጀምር ሬዚኑን ይቀይሩ፤ «ትንሽ ነው» ብለው አይለፉት። ማጣሪያው ለአንዱ ሊትር ንጹሕ ብዙ ሊትር ስለሚያፈስስ የሚፈስሰውን ለወለል ማጠቢያ በጄሪካን ያቆሩት። ለጊዜው መግዛት ካልቻሉ የአኳሪየም ሱቆች ተጣርቶ የተዘጋጀ ውሃ በጋሎን ይሸጣሉ፤ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የተነጠረ (ዲስቲልድ) ውሃም ያገለግላል። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ወደዚያ አኳሪየም እንዳትገባ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህ ካልተደረገ ከንቱ ድካም ነው።

ይህን አድርገውም ቢሆን ወዲያው ለውጥ አይጠብቁ። ድንጋይዎ የካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ፎስፌቱን እንደ ስፖንጅ ሲመጥ ከርሟል። ውሃው ሲጠራ ድንጋዩ የያዘውን መልሶ ይለቅቃል። ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፦ ንጹሕ ውሃ ገዝተው ሦስት ሳምንት ጠብቀው «ምንም አልሠራም» ይላሉ። እየሠራ ነው፤ ዕዳው ግን ገና አልተከፈለም።

ዕዳውን ለማፋጠን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ አለ፤ ዝገት የሚመስል ቡናማ ነገር ነው፣ በከረጢት ወይም ሪአክተር በሚባል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ውሃ ሲያልፍበት ፎስፌት ይይዛል። እቃው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሹ ይጀምሩ። በየሦስትና አራት ቀኑ ይለኩ፤ ቀስ እያለ ይውረድ፣ 0.05 ላይ ሲደርስ ይቁም። ይህን ያህል የማስጠነቅቀው ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ሙሉ መጠን አስገብቼ ፎስፌቱን በጥቂት ቀናት ከላይ ወደ ዜሮ አወረድኩት፤ ፀጉሩ መንምኖ ደስ ሲለኝ፣ ኮራሎቹ ነጡ። በወሩ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ቡናማ ንፍጥ ተንጠለጠለ፣ ቀንድ አውጣዎቹም አንድ በአንድ ሞቱ።

ያ ንፍጥ ዳይኖፍላጀሌት ነው፤ ከአልጌው ሁሉ እኔ የምፈራው እሱን ነው። የሚነግሠው ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ በሆነበት፣ ተፎካካሪ በጠፋበት ውሃ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ የሚበሉትን ቀንድ አውጣዎች ይመርዛል። ሕክምናውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ማጽዳት ያባብሰዋል፣ ትንሽ ምግብ መጨመር ያዳክመዋል። ስለዚህ ግብዎ ዜሮ አይደለም። ናይትሬት 5 አካባቢ፣ ፎስፌት በ0.03ና በ0.1 መካከል። ወደፊት ቡናማ ክር ከነአረፋው ካዩ እንዲህ ይፈትኑ፦ ትንሽ ወስደው በአኳሪየሙ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ በኃይል ይናጡት፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥሉት (ጀበና ባለበት ቤት ወረቀቱ ከየት ይመጣል ካሉ ከጎረቤት ይለምኑ)፣ የወረደውን ውሃ ብርሃን ላይ አንድ ሰዓት ያስቀምጡ። ተበትኖ የነበረው እንደገና ተሰባስቦ ክር ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት ነው፤ እዚህ የጻፍኩትን ምክር ሁሉ ያቁሙና ጥራጥሬውን ያውጡ።

አሁን መፋቁ። መፋቅዎ ልክ ነው፤ የሚፍቁበት መንገድ ግን ራሱ ችግር ነበር። አኳሪየሙ ውስጥ በብሩሽ ሲፈትጉ የተበጣጠሰው ፀጉር ከሞገዱ ጋር ዞሮ ሌላ ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ይተከላል። ድንጋዩን በቧንቧ ውሃ ያጠቡ ዕለት ደግሞ አሞኒያውን የሚያጣሩልዎትን ባክቴሪያዎች በክሎራሚን ጨፈጨፏቸው፤ ዓሦቹ መትረፋቸው ዕድል ነው። ከእንግዲህ ውሃ በሚቀይሩበት ዕለት፣ የሚወጣውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ካቆሩ በኋላ ፀጉር የበዛበትን ድንጋይ አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ አውጥተው እዚያው የጨው ውሃ ውስጥ በእጅ ይንጩ፣ በብሩሽ ይፈትጉ፣ ሌላ የጨው ውሃ ውስጥ አለቅልቀው ይመልሱ። ባልዲው ወደ ሽንት ቤት ይደፋ። የማይነቃነቁትን ድንጋዮች የሳይፎኑን (ውሃ ስቦ የሚያወጣውን) ጎማ ጫፍ ከብሩሹ ጋር በላስቲክ አስረው ይፈትጓቸው፤ የተነቀለው ሳይበተን በጎማው ይወጣል። ቀዩን ልጋግ ፈጽሞ አይፈትጉት፤ በሳይፎን እንደ አቧራ ይምጠጡት፣ ከላዩ ላይ ያለውን ስስ አሸዋ ጨምሮ። አሸዋውን ግን በአንድ ቀን ሁሉንም አያማስሉ፤ በሳምንት ሩቡን ያህል ይበቃል። የኋላውን መስታወት ይተዉት፤ እዚያ የሚበቅለው ሐምራዊና ሮዝ ቅርፊት ኮራሊን አልጌ ነው፣ የሚፈለግ ነው፣ ቦታ በያዘበት ሌላው አይገባም።

ቀጥሎ የምለውን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ይያዙት። ለስላሳ ኮራሎች አሉኝ ብለዋል፤ ከመካከላቸው እንደ ቁልፍ የተደረደሩ ትናንሽ አበባ የሚመስሉ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶአ ካሉ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ድንጋዩን አይፈትጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ በጓንትም ቢሆን ለሌላ ሰው ይስጡት። ድንጋዩን ለማጽዳት ብለው በምንም ዓይነት አያፍሉት፣ በፈላ ውሃም አያጥቡት፤ በእንፋሎቱ መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። በወጥ ቤት ብሩሽና ሳህን አይጠቀሙ፤ ልጆች በአጠገብዎ አይኑሩ።

መብራቱን በቀን ወደ 8 ሰዓት ያውርዱ፤ ነጩን ብርሃን ቀንሰው ሰማያዊውን ይተዉት። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ካለ መጋረጃ ያድርጉ። ቀዩ ልጋግ በጣም ከበዛ መጀመሪያ የሚነሳውን አንስተው ለሦስት ቀን መብራቱን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ብርድ ልብስም ያልብሱት፤ ዓሦቹና ኮራሎቹ አይሞቱም። ልጋጉ ይከሳል፤ ግን ይህ ራስ ምታት በክኒን እንደማስታገስ ነው፣ ፎስፌቱ እስካለ ይመለሳል። ጨለማው ሲያበቃ ውሃ ይቀይሩ፤ የሞተው ነገር የበላውን መልሶ ይለቀዋልና።

ዓሦቹን አያስርቡ። ናይትሬትዎ ዜሮ ስለሆነ ምግብ መከልከል ቀዩን ልጋግ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ተፎካካሪውን ያደክምለታል። በቀን አንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ይስጧቸው፤ የበረዶ ምግብ ከሆነ አቅልጠው ፈሳሹን ደፍተው ሥጋውን ብቻ ይስጡ። የፊልተሩን ስፖንጅ በየሦስት ቀኑ ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ እጠቡት፤ ሳምንት ሙሉ የተተወ ስፖንጅ የተያዘውን እዚያው ያበሰብሰዋል። የውሃው ዝውውርም ይታይ፦ ፓምፖቹ ተደምረው በሰዓት 4,000 ሊትር ያህል ካላንቀሳቀሱ፣ ወይም አንዱ ጥግ ላይ ውሃው ከቆመ፣ ቀዩ ልጋግ መጀመሪያ የሚነጠፈው እዚያ ነው።

የሚግጡ እንስሳት ጉዳይ ቦታ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ኮራል ያለበት ባሕር ውስጥ አልጌ የለም» ብሎ ያስባል። አለ፤ በፍጥነትም ይበቅላል። የማይታየው የሚበላው ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፓናማ አጠገብ የጀመረ በሽታ በካሪቢያን የነበረውን ረጅም እሾህ ጥቁር የባሕር ጃርት ከሞላ ጎደል ፈጀው። ያ ጃርት ሌሊት ሌሊት አለት የሚግጥ እንስሳ ነበር፤ ሌሎቹን ጋጮች፣ ዓሦቹን ሰው አስቀድሞ አጥምዶ ጨርሷቸው ስለነበር የሚተካው አልተገኘም። በጃማይካ ዳርቻ ኮራሉን አልጌ ዋጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ግማሽ ያህል የነበረው የኮራሉ ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጥቂት በመቶ ወርዶ ነበር። ውሃው ሁሌም ንጹሕ ቢሆን እንኳ ጋጭ ከሌለ አለቱ የአልጌ ነው።

ለእርስዎ መጠን ስድስት ትሮከስ ቀንድ አውጣ፣ ሁለት ተርቦ፣ ለአሸዋው ደግሞ ጥቂት ናሳሪየስ ይበቃል። ሱቁ 50 ቢያቀርብልዎ እምቢ ይበሉ፤ አልጌው ሲያልቅ በረሃብ ሞተው ራሳቸው ማዳበሪያ ይሆናሉ። አስትሪያ የሚባለው ርካሽ ነው፤ አሸዋ ላይ ተገልብጦ ሲወድቅ ግን መነሳት አይችልም፣ በየጠዋቱ ሲያቃኑት ይኖራሉ። ቀንድ አውጣ ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ የረዘመ ፀጉር አይነካም፤ መጀመሪያ እርስዎ ነጭተው ያሳጥሩ፣ ከዚያ እነሱ ጉቶውን ይግጡ። ፀጉሩ እልኸኛ ከሆነ አንድ ትንሽ የባሕር ጃርት ከአሥር ቀንድ አውጣ ይሻላል፤ ያልተጣበቀ ኮራል ግን ተሸክሞ ይዞራል። ቀዩን ልጋግ የሚበላ እንስሳ አይፈልጉ፤ የሚሸጡልዎ ሁሉ ሳያዩት አልፈውት ይሄዳሉ። ቢጫ ታንግ ይግዙ ያለዎት ሰው ካለ ደግሞ አይስሙት፤ ያ ዓሣ ሩጫ ይወዳል፣ የእርስዎ ሳጥን ለእሱ ኮሪደር ነው።

መድኃኒት ጠይቀዋል። መዳብ ያለበትን አልጌ ገዳይ፣ በተለይ ጨው ለሌለው ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን፣ ጠርሙሱን ቤት እንኳ አያስገቡ፤ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑን፣ ኮራሉን ይገድላል፤ መዳቡም ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ለቀዩ ልጋግ አንቲባዮቲክ አለ፤ ይገድለዋል፣ ወዲያውም ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ የበላውን ፎስፌትም ይመልስልዎታል። ለፀጉራሙ አልጌ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት የሚጠቀሙ አሉ፤ ብሪዮፕሲስ ለሚባለው፣ ቅርንጫፉ ላባ ለሚመስለው ዝርያ ብቻ ከሆነና ሌላው ሁሉ ካልሠራ አልቃወምም። የእርስዎ እንደገለጹት ተራ ፀጉር ነው፤ አያስፈልገውም። ከኬሚካል የምፈቅድልዎ አንድ ነገር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፦ ከውሃ ባወጡት ድንጋይ ላይ፣ ኮራል በሌለበት ቦታ ጉቶው ላይ ብቻ በሲሪንጅ ያንጠባጥቡ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቀው በጨው ውሃ አለቅልቀው ይመልሱ። በቀናት ውስጥ ይነጣል።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ ሌላ አልጌ ማሳደግ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ኬቶ የሚባል እንደ ቃጫ የተጠቀለለ አረንጓዴ አልጌ አለ፤ ከአኳሪየሙ ውጪ በተለየ ክፍል ሌሊት ሌሊት መብራት በርቶለት ያድጋል፣ ፎስፌቱን እሱ ይበላዋል፣ እርስዎ በየሁለት ሳምንቱ እፍኝ አጭደው ይጥሉታል። ያኔ አዝመራው የእርስዎ ይሆናል። ካውለርፓ የሚባለውን ግን እምቢ ይበሉ፤ በተለይ ታክሲፎሊያ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ካለው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ባሕሩ ላይ ታይቶ ሜዲትራኒያንን ወረረ፤ በ2000 ካሊፎርኒያ ዳርቻ ተገኝቶ ለማጥፋት እስከ 2006 ፈጀ። ጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ላየን ሕዝብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ እዚያም በሺህ እጅ ተነቀለ፣ ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ ግን አልቆመም። የሚያጭዱትን ማንኛውንም አልጌ ፖቶማክ ወንዝ ወይም የዝናብ ውሃ መውረጃ ውስጥ አይጣሉት፤ አድርቀው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይክተቱት።

የጊዜ ሰሌዳው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ምናልባት ይባስ ይመስላል። ከአራተኛው ጀምሮ ፀጉሩ ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ገረጣ ይሄዳል፣ ቀድሞ ድንጋዩን ይዞ የሚታገልዎ በሁለት ጣት ተነቅሎ ይመጣል። ቀዩ ልጋግ አንዳንዴ ከፀጉሩ በፊት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ፀጉሩ የለቀቀውን ቦታ ለጥቂት ሳምንት ይይዛል፤ አይፍሩት፣ በሳይፎን ያንሱት። ናይትሬትዎ ከዜሮ ተነስቶ 2፣ 3 ማሳየት ሲጀምር ደስ ይበልዎ፤ የሚበላው አፍ ቀንሷል ማለት ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይስጡት። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፎስፌቱ አሁንም ከ0.2 በላይ ከሆነ፣ የማጣሪያዎ ሜትር ዜሮ እያነበበ መሆኑን አረጋግጠው፣ ጨውዎንና ምግብዎን በተለየ ባልዲ በተጣራ ውሃ በጥብጠው ለክተው፣ ቁጥሮቹን ይላኩልኝ፤ ያኔ የሚቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው፣ ስለ እሱም ለብቻው እንነጋገራለን።